አያ ኤሊ ከመናገሩ በፊት

ጥር 9

ይድረስ ባሕር ተሻግራ ለሄደችው ለእህቴ ልጅ፣ ለድንቢጤ።

ጤናሽ እንደ ዋርካ ግንድ የጸና፣ ሥራሽ እንደ ተላገ ሳንቃ የለሰለሰ ይሁንልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከደህናም በላይ ነኝ።

ይህን ጽሑፍ ስታዪ የማን እጅ ነው ብለሽ ትደነግጪ ይሆናል። አትደንግጪ፤ የኔ ነው። እስከ ዛሬ የደረሱሽ ደብዳቤዎች በሙሉ የፋርማሲው ሰውዬ እጅ ናቸው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ ያልጣመውን ይዘላል። «ጉንጮችሽን ሳምኩ» ስለው «የከበረ ሰላምታ አቀርባለሁ» ብሎ ይጽፋል። ስቀልድማ ጭራሽ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። እስከ ዛሬ አጎትሽ ቁም ነገረኛ መስሎሽ ከነበረ ጥፋቱ የሱ ነው።

የማታ ትምህርቱን ጨረስኩ። ጨረስኩ ስልሽ እንደ ሌላው ሰው እንዳይመስልሽ። አብረውኝ የጀመሩት ገና ከ«ቀ» ጋር ሲታገሉ፣ እኔ ጋዜጣ ላይ የሞት ማስታወቂያ አንብቤ፣ አዝኜ፣ ተጽናንቼ ጨርሼ ነበር። ምስጢሩ አናጢነት ነው። ፊደል ማለት የተገጣጠመ እንጨት ነው፤ «በ» የበር መቃን፣ «ጠ» ባለሦስት እግር በርጩማ፣ «ሠ» መንሽ። ይህን ለአስተማሪዬ ስነግራት ለሌሎቹም እንደዚያው ብላ ማስተማር ጀመረች። ስለዚህ ክፍሉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል።

እኔ ነኝ ስል እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሰፈሩ አሁንም «አቶ እኔነኝ» ነው የሚለኝ። ድልድዩን ማን ሠራው? እኔ ነኝ። ዝናቡን ማን አመጣው? እኔ ነኝ። ከመቶው አንዷ እውነት ብትሆንስ ብሎ የሚጠይቅ ግን አልተገኘም።

የምጽፍልሽ ስለዚያች ስለ አንዷ ነው። በትምህርቱ የመጨረሻ ቀን አስተማሪያችን ልታሳርፈን ብላ ጠመኔውን አስቀመጠች። አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀበረች፣ «ህሽሽሽ…» ብላ ተነፈሰች፣ ከዚያ በዝግታ «ቆይ እስቲ፣ ልቤ ይድረስልኝ» አለች። አያ ኤሊ። ልጆች ሳላችሁ ቴሌቪዥን ሥር ተኮልኩላችሁ ታዩት የነበረው የ«ጓሮ ጎረቤቶች» ኤሊ። በሷ ዕድሜ ያሉት ሁሉ አጨበጨቡ። እኔም ከዴስኩ ብድግ ብዬ፣ ያ ድምፅ የማን ይመስላችኋል፣ እኔ ነኝ አልኳቸው። የተሳቀውን ሳቅ ልነግርሽ አልችልም። ጥቁር ሰሌዳው ራሱ ጥርሱን ያሳየ መሰለኝ።

ልጄ፣ አያ ኤሊ እኔ ነኝ። ይህን ደግሞ በፋርማሲው ሰውዬ እጅ ላስጽፈው የምችለው ነገር አልነበረም። አንቺ እመኚኝ፤ ሌላው ይሳቅ።

ስልክ እንዳትደውዪ፣ አላነሣም። በስንት ልፋት የተማርኩትን ጽሕፈት በአንድ ሃሎ ልታስቀሪብኝ ነው? ልብስም አትላኪ። ጥሩ እስክሪብቶ ላኪ፤ ይቺ የኔዋ በየመስመሩ ታስነጥሳለች።

አጎትሽ፣ አናጢው፣ አሁን ደግሞ ጸሐፊው


የካቲት 12

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ሞቅ እንዳለ ይድረስዎ፤ ዕድሜና ጤና አይለይዎ። እኔም ልጄም ደህና ነን።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። እንደሚያውቁት የጆሮ መስሚያ መሣሪያ የሚገጠምበት ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ ሽማግሌ ደንበኛ መሣሪያውን አውልቆ በመዳፉ ይዞ ሲጠብቀኝ፣ እኔ ቆሜ አነብባለሁ። እኔ ስስቅ እሱም ምንም ሳይሰማ አብሮኝ ሳቀ። የእጅ ጽሕፈትዎ እንዴት ያምራል። ቅር ባይልዎ፣ «ሠ» መንሽ ናት ያሉትን ለልጄ አስተምሬያታለሁ።

አሁን ደግሞ ተቀምጠው ይስሙኝ። እኛ በ«ጓሮ ጎረቤቶች» ያደግን ልጆች እዚህ ተፈላልገን ተገናኝተናል። ልጆች ስልዎ፣ ስንቀመጥ ጉልበታችን የሚንቋቋ ልጆች ነን። ጣቢያው በካሴቶቹ ላይ ዜና ቀድቶባቸው ሁሉም ጠፍተዋል ሲባል አዝነን ነበር። አንዱ ግን ከአባቱ የጥገና ሱቅ ዕቃ ቤት አንድ ካሴት አገኘ፤ የመጨረሻው ክፍል ነው። በሚያዝያ መጨረሻ አዳራሽ ይዘን አብረን ልናየው ነው። ስልኬ ቀኑን ሙሉ ሲተነፍስ ይውላል፤ ማንም ሃሎ አይልም፣ ሁሉም ህሽሽሽ ነው።

ልጄ የምታየው እኛ በአማርኛ ድምፅ ተቀድቶ ያየነውን ሳይሆን የውጭውን፣ ኦሪጅናሉን ነው። አሻንጉሊቶቹ ያው ናቸው፤ ቀበሮውም ዶሮዋም አልተለወጡም። ኤሊው ግን አያ ኤሊ አይደለም። አይተነፍስም። «ልቤ ይድረስልኝ» የሚባል ነገር አያውቅም። ከቅርፊቱ ብቅ ይልና እንደ ባንክ ሠራተኛ ተናግሮ ይገባል። ልጄን ይሄ እኮ አያ ኤሊ አይደለም ብላት፣ «ታዲያ ማነው?» አለችኝ።

ያን ፕሮግራም ሳስብ እማዬ ትዝ ትለኛለች። ጣቢያው ውስጥ ታይፒስት ስለነበረች፣ ፕሮግራሙ የሚቀዳ ቀን ከትምህርት ቤት ልትወስደኝ ሁልጊዜ ትዘገይ ነበር። ልጆች ሁሉ ሄደው እኔ በር ላይ ከዘበኛው ጋር እቀራለሁ፤ ስትመጣ አኩርፌ ቦርሳዬን እንኳ አላስይዛትም። መልኳ በፎቶ አለኝ። ድምጿን ግን ረስቼዋለሁ፣ አጎቴ። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ ነው የሞተችው። ቀኑን ሙሉ ሰው እንዲሰማ ሳደርግ እየዋልኩ፣ ያን አንድ ድምፅ አጣሁት።

ስለ አያ ኤሊ ስላሉት አይቀየሙኝ። መጨረሻ ላይ በሚወጣው የስም ዝርዝር ኤሊው የታወቀው ተዋናይ ነው። እሱም እዚሁ ከተማ ስለሚኖር የክብር እንግዳችን አድርገነዋል። ደግሞስ ያኔ ፊደል አይለዩም ነበር፤ የኤሊው ቃል የተጻፈበትን ወረቀት እንዴት አነበቡት?

እስክሪብቶ ልኬያለሁ፤ የማታስነጥስ።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 10

ይድረስ ለማታምነኝ፣ እኔ ግን ለምወዳት።

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለልጅሽ፣ ሰላም ሳይሰማ ለሳቀው ሽማግሌ። እስክሪብቶዋ ደርሳለች። ወረቀቱ ላይ በራሷ ነው የምትሄደው፤ እኔ ከኋላ እየተከተልኳት ነው።

በመጀመሪያ አንቱታውን አንሺልኝ። ፊደል ስለቆጠርኩ ሸመገልኩ እንዴ? አንተ በዪኝ።

በሁለተኛ፣ መስማት ያቃተውን ሁሉ ታሰሚያለሽ፣ የአጎትሽን ግን አትሰሚም። ይኸውልሽ እንግዲህ። የጣቢያው አናጢ እኔ ነበርኩ፤ ይህንን እንኳ አትክጂኝም። አንድ ቀን የድምፅ መቅጃ ክፍሉ በር ሲጥ ሲጥ እያለ ሥራ አስፈታቸውና ተጠራሁ። ያን ቀን ኤሊውን ሊናገር የተቀጠረው ተዋናይ ጉሮሮው ተዘግቶ እንደ ዓሣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ስሙ ግን አስቀድሞ ዝርዝሩ ላይ ገብቷል፤ ኋላም ማንም አላነሣውም። እኔ መሬት ቁጭ ብዬ ማጠፊያውን ዘይት እያጠጣሁ አባብላታለሁ። «ቀስ በይ እሜቴ፣ ምን አስቸኮለሽ፣ ሁላችንም እንደርሳለን» እላለሁ። ለካ ማይክሮፎኑ አልተዘጋም። አዘጋጁ ከመስተዋቱ ወዲያ ብድግ አለ። ኤሊው ተገኘ ብሎ ጮኸ። መዶሻዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ወንበር ላይ ጎለቱኝና ወረቀት አስያዙኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ አያ ኤሊ እኔ ነኝ። ያ ኤሊ ደግሞ ለአናጢ የተሠራ ነው። ግማሹን ጊዜ ቅርፊቱ ውስጥ ሆኖ ስለሚናገር አፉ ከቃሉ ጋር ባይገጥምም ማንም አያይም።

ወረቀቱን እንዴት አነበብከው ላልሽው፣ እሱ የኔ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በዚህ እለፊኝ። ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ፤ ኤሊ ስንት ዓመት እንደሚኖር ሳይቀር እነግርሻለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። አዳራሹ ውስጥ ስሜን አንድ ጊዜ ጥሪልኝ። ሽልማት አልፈልግም፣ ጭብጨባም ይቅር። በዚች ምድር ላይ አንድ ጊዜ እኔ ነኝ ብዬ የሚያምነኝ ሰው ይኑር።

አጎትሽ


ሚያዝያ 3

ለአጎቴ፤

ሰላምና ጤና ካንተ ጋር ይሁን። ይኸው አንተ አልኩህ፤ ምላሴን እየከበደኝም ቢሆን።

የማጠፊያዋን ታሪክ ለኮሚቴያችን አነበብኩላቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሰብሳቢያችን የጥርስ ሐኪም ናት፤ ስትስቅ ቆይታ ግን እንደ ሙያዋ ነቅንቃ ያዘችኝ። አጎትሽ ማንበብ ካልቻለ ያን ሁሉ ቃል ከየት አመጣው አለችኝ።

ከዚያ ተዋናዩ ጋ ደወልኩ። ያቺ ከመናገሩ በፊት የምትሰማው ትንፋሽ እንዴት መጣች አልኩት። ጥበብ ናት አለኝ። «ልቤ ይድረስልኝ»ስ፣ ኦሪጅናሉ ላይ እኮ የለም ብለው፣ እሷም ጥበብ ናት አለኝ። የዚህን ያህል ጥበብ እኔም አላጣም ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ስለዚህ ግማሽ ልቤ አምኖሃል፣ ግማሹ በር ላይ ቆሟል። የሚያስገባው ያ የዘለልከው መልስ ነው። ጊዜ አለን፤ አዳራሹ ስላልተገኘ ዝግጅቱ ወደ ሰኔ መጨረሻ ተላልፏል። ካሴቱ እስከዚያ እኔ ጋ ነው። ልጄም አንዴ አይታው የሱቁን መስኮት በተደገፈች ቁጥር ህሽሽሽ እያለች መስታወቱን በእስትንፋሷ ታጨልመዋለች። አያ ኤሊን አስረክበሃታል ማለት ነው። እባክህ ንገረኝ።

ድንቢጥህ


ግንቦት 20

አጎቴ፤

እንደምን ሰንብተሃል? የፖስታ ሳጥኑን ከፍቼ መዝጋት ሥራዬ ሆነ። አሞህ ይሆን ብዬ ልደውል ስል፣ አላነሣም ያልከው ትዝ አለኝ። አስቀይሜህ ከሆነ ሰው ነኝና ይቅር በለኝ። የዝግጅቱ ወረቀት ሊታተም ነው፤ የተዋናዩ ስም ብቻ ነው ያለበት። የኔ እጅ ደግሞ እሺ ብሎ ሊያሳትመው አልቻለም።


ሰኔ 8

ይድረስ ለእህቴ ልጅ። አለሁ፤ አላመመኝም።

ዘገየሁ። ጽፌ የቀደድኩት ወረቀት ቢሰበሰብ አንድ ቀን ሙሉ ምድጃ ያነድዳል። የማያውቅ ሰው መጻፍ ይከብዳል ይላል፤ መጻፍስ ቀላል ነው፣ የሚከብደው መላክ ነው።

አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ኤሊው እኔ መሆኔን ለማስመስከር ብዬ ይህን አልጽፍም። ለዚያማ ቀጣፊ እንደተባልኩ ብኖር ይሻለኛል፤ ለምጄዋለሁ፣ ሞቆኛል። አላስቀምጥ ያለኝ ያ ሌላው ቃልሽ ነው። ድምጿን ረስቼዋለሁ ያልሽው።

ያን ቀን ወረቀቱን ሲያስይዙኝ ላብ አጠመቀኝ። ወረቀቱን ከታይፕ ክፍል ይዛ የመጣችው እናትሽ ነበረች። ፊቴን አየችና ገባት። ለአዘጋጁ «ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ማይክሮፎኑ ይይዘዋል፤ ገጽ ገላጭ እኔ ልሁንለት» አለችው። እሱም ግሩም ሐሳብ ነው አለ። ወንበር ስባ ከቀኜ ተቀመጠች። ገጽ ትገልጣለች የተባለችው እህቴ፣ እያንዳንዷን ቃል በጆሮዬ እያንሾካሾከች አጎረሰችኝ። እኔ የተቀበልኩትን በኤሊ ድምፅ አወጣዋለሁ፣ እሷ ቀጣዩን ታቀብለኛለች። ጎን ለጎን ሆነን እንደ ሁለት ሰው መጋዝ ነበር የምንሠራው፤ አንዱ ሲስብ አንዱ ይለቃል።

እናንተ ህሽሽሽ የምትሉት የሷ ሹክሹክታ ነው። የድምፅ ተቆጣጣሪው አንድ ቀን ይህ ምንድን ነው ቢለኝ፣ ኤሊ ከመናገሩ በፊት ይተነፍሳል፣ አታውቅም እንዴ አልኩት። ወዲያው አመነኝ። ይገርምሻል፣ እውነቴን ማንም አልሰማም፣ ያችን ውሸት ግን አገር ምድሩ ሲተነፍሳት ይኖራል። «ቆይ እስቲ፣ ልቤ ይድረስልኝ» ደግሞ ቃሉ ሲያመልጠኝ ነው። እስክትደግምልኝ ድረስ ማዘግያዬ ነበረች።

ፊደል ያልቆጠረ ሰው ማይክሮፎን ፊት አስቀመጠች ቢባል እናትሽ በዚያው ዕለት ትባረር ነበር። አንቺን ይዛ የት ትገባለች? በሕይወቴ አልናገርም ብዬ ማልኩላት፤ ላንቺም ጭምር፣ ልጅ ምስጢር አይጠብቅማ። እሷ ቀደመችኝ። መሐላው ግን አብሯት አልተቀበረም፣ እኔ ጋ ቀረ። ከሷ ሌላ የሚያቀብለኝ ስላልነበረም ፊደልን ይህን ያህል ዘመን ሸሸሁት።

ስለዚህ ይህን አድርጊ። ብቻሽን ሁኚ። በመጨረሻው ክፍል ቀበሮው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ አያ ኤሊ አጥሩ ጥግ ቆሞ ይሸኘዋል። እዚያ ስትደርሺ ድምፁን ከፍ አድርጊ። እኔን አትስሚ፤ እኔንማ ስትሰሚ ነው ያደግሽው። ከኔ በፊት ያለውን ስሚ።

አጎትሽ


ሐምሌ 2

አጎቴ፤ አያ ኤሊ፤

ዕድሜህን ያርዝመው። ሌላ ሰላምታ ከአፌ አልወጣ አለ።

ሱቃችን ውስጥ ጆሮ የምንፈትሽበት ጠባብ ክፍል አለ። ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ነው፤ በሩ ሲዘጋ የራስህን ልብ ትሰማለህ። በምሳ ሰዓት ካሴቱን የገለበጥኩበትን ኮምፒውተር ይዤ ገባሁ። የጆሮ ማዳመጫ አደረግሁ። ቀበሮው ጓዙን ተሸከመ፣ አያ ኤሊ አጥሩ ጥግ ቆመ። ድምፁን ከፍ አደረግሁ። ህሽሽሽ ነው። ትንሽ ጨመርኩ፤ አሁንም ህሽሽሽ። ለደንበኞቻችን እንደማደርገው ወፍራሙን ድምፅ ቀንሼ ቀጭኑን አጎላሁት።

ትንፋሹ ተፈታ። ቃል ሆነ። «ሂድ፣ ጓሮው ግን ያንተው ነው» ትላለች፤ ከዚያ አንተ በዚያ ቀርፋፋ ድምፅህ «ሂድ፣ ጓሮው ግን ያንተው ነው» ትላለህ። የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ወደ ላይ ታነሣዋለች፣ እንደ ጥያቄ። እኔም እንደዚያ ነው የማነሣው። ልጄ እማዬ ስታዝዝ ትለምናለች እያለች የምትቀልድብኝ በዚሁ ነው። ከማን እንደወሰድኩት አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያልነበረ ነገር መጣ። ሳቅ እየቀደማት ነው ያለችው። «ቶሎ በል እንጂ ወንድሜ፣ ልጅቷ በር ላይ ቆማለች።»

አንተ ደግሞ «ቆይ እስቲ፣ ልቤ ይድረስልኝ» አልክ።

ልጅቷ እኔ ነኝ፣ አጎቴ። እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ቀን ስትዘገይብኝ እኔ እየተኮሳተርኩ በር ላይ፣ እሷ ካንተ ጆሮ ሥር ስለኔ እየተጨነቀች። ቦርሳዬን የነፈግኋት ደግሞ ያንኑ ቀን ይሆናል። ሳላውቀው ሳለቅስ ነበር፣ ሳላውቀው ደግሞ ስስቅ። ከክፍሉ ስወጣ አለቃዬ ምን ሆንሽ አለችኝ። እናቴ ተናገረች አልኳት።

አዳራሹን ደግሞ ልንገርህ። ሰው ሞልቶ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ደብዳቤህን አነበብኩ፤ ከዚያ ያቺን ቦታ ለሁሉም ከፍ አድርጌ አሰማሁ። መጀመሪያ የተሸነፈችው የጥርስ ሐኪሟ ናት። ተዋናዩ ከፊት ወንበሩ ተነሣ። ተቆጥቶ ሊወጣ ነው ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን «ሠላሳ ዓመት በሰው ቅርፊት ውስጥ ኖርኩ፤ ለነገሩ ይሞቅ ነበር» አለና ወደ ኋላ ሄዶ ከሕዝቡ መሀል ተቀመጠ። ያን ጊዜ ወደድኩት።

ከዚያ ስምህን ጠራሁ። ቀጥዬ የእማዬን። አዳራሹ በሙሉ በአንድ ላይ ህሽሽሽ ብሎ ተነፈሰ። ቀጥሎ ያለችውን ቃል ግን ማንም አልተናገራትም። ላንተ ተተወች።

ድንቢጥህ


ነሐሴ 5

ይድረስ በር ላይ ለቆመችው ልጅ።

ሰላም ብዬ ሰላም ብዬ አልጠግብሽም። ደብዳቤሽ ሲመጣ የፋርማሲው ሰውዬ ደጁ ላይ ነበር። መነጽሩን እየጠረገ ላንብብልህ አለኝ። ሂድ መድኃኒትህን ሽጥ አልኩት።

አስተማሪዬ ጠርታኝ ለአዲሶቹ ተማሪዎች በራሴ አንደበት አነበብኩላቸው። ማንም አልሳቀም። ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ አላደረም፤ አቶ እኔነኝ ለካ እውነቱን ነው ተባለ። አሁን ሌላ ጣጣ መጣብኝ። ድልድዩንም አምነውኛል። ትናንት የቀበሌው ሰዎች የድልድዩ መደገፊያ ተነቃንቋልና የሠራኸው አንተ ነህ፣ መጥተህ እይልን አሉኝ። ዝናብ የጠፋ ዕለትማ መግቢያ የለኝም።

ተዋናዩን ሰላም በዪልኝ። ቅርፊቱ ለሁለት ይበቃል፤ ብርድ ሲሆን ይምጣ። ለትንሿም ንገሪያት፣ መስታወት ላይ መተንፈሱን ትቀጥል፤ አሠራሩ ትክክል ነው።

አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር። ደብዳቤሽን ለሰው ከማንበቤ በፊት ለብቻዬ ነበር ያነበብኩት፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ ፊት። እናትሽ የተናገረችበት መስመር ላይ ስደርስ፣ ቀኝ ጆሮዬን ዘንበል አድርጌ ጠበቅሁ። ልማድ ነው እንግዲህ። በቀኜ ያለው በርጩማ ላይ ላሜራና ምስማር ብቻ ነበር። ጥቂት ቆየሁ፤ ልቤ ደረሰልኝ። ከዚያ ጣቴን ከቃሉ ሥር አድርጌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ራሴ አነበብኩት።

አጎትሽ፣ አያ ኤሊ